ዱቤ «እምቢ» ማለትን እንዳይነጥቀን

(በጫንጮ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የተጠራሁት ስለ ኤች አይ ቪ እንድናገር ነው። እኔ ግን ንግግሬን የምጀምረው ከዱቤ ነው። «ደግሞ ዱቤና ኤች አይ ቪን ምን አገናኛቸው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ቫይረሱ በዱቤ አይተላለፍም። የሚተላለፍባቸውን መንገዶችና መከላከያዎቹን እናንተ በቃላችሁ ታውቃላችሁ፤ በክበባችሁ ድራማ ሠርታችሁባቸዋል፣ ግጥም ጽፋችሁባቸዋል። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ወጣት ለምን ለቫይረሱ ይጋለጣል?

ከመልሶቹ አንዱ ይህ ነው፤ ማወቅ ለብቻው፣ «እምቢ» ለማለት መቻል ለብቻው ነው። «እምቢ» ለማለት አቅም ያስፈልጋል። ይህን አቅም ቀስ በቀስ ከሚሸረሽሩት ነገሮች መካከል ደግሞ አንዱ ማንም የማያውቀው ትንሽ ዕዳ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ እሱን ነው፤ እንዴት እንደሚጀምር፣ እንዴት እንደሚይዝና እንዴት እንደሚወጡበት።

የእኛ ክሬዲት ካርድ

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ «ክሬዲት ካርድ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ዛሬ ገዝተው በኋላ የሚከፍሉበት ካርድ ነው። ባጭሩ የባለሱቁ የዱቤ ደብተር በፕላስቲክ ተሠርቶ ማለት ነው። ዋናው ልዩነት ወለዱ ላይ ነው። እስኪ እንቁጠረው። አንድ ሰው 1,000 ዶላር ዕዳ አለበት እንበል። ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ቢሆንና ሰውዬው በየወሩ 25 ዶላር ብቻ ቢከፍል፣ በመጀመሪያው ወር ከከፈለው ላይ 20 ዶላሩ ለወለድ ይሄዳል። ዕዳው የሚቀንሰው በ5 ዶላር ብቻ ነው! አንድም ነገር ሳይጨምርበት እንኳ ዕዳውን ለመጨረስ ወደ 7 ዓመት ይፈጅበታል፤ ተደምሮ የሚከፍለውም ከ2,000 ዶላር ይበልጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ፣ ካርድ ሰጪዎች በየወሩ በሚልኩት ሒሳብ ላይ «ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ ብትከፍል ዕዳህ የሚያልቀው ይህን ያህል ጊዜ ቆይቶ ነው» ብለው እንዲጽፉ አስገድዳለች። ብዙ ሰው ይህን ስሌት ቁጭ ብሎ ስለማይሠራው ነው።

ጫንጮ ውስጥ ክሬዲት ካርድ በኪሱ ይዞ የሚዞር ተማሪ አላየሁም። «ያዝብኝ» የምንልበት የሱቅ ደብተር ግን በየሰፈሩ አለ። ካርድ ሲያልቅብን የአየር ሰዓት እንበደራለን። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉ የብድር አገልግሎቶችን አመጣ። ዛሬ በስልክ መበደር የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ስልኩ በታላቅ ወንድማችሁ ወይም በእናታችሁ ስም የወጣ ከሆነ ታዲያ የምትበደሩት በእነሱ ስም እንደሆነ አትርሱ።

በስልክ ብድር ቀድማን ከሄደችው ከጎረቤታችን ከኬንያ አንድ ነገር እንማር። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤም ሽዋሪ» የሚባል የስልክ ብድር እዚያ ተጀመረ። ለ30 ቀን የሚከፈለው የአገልግሎት ዋጋ 7.5 በመቶ ነበር። በ1,000 ሽልንግ 75 ሽልንግ መሆኑ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው በየወሩ እየከፈለ መልሶ ያንኑ 1,000 ቢበደር፣ በዓመቱ የከፈለው የአገልግሎት ዋጋ ብቻ 900 ሽልንግ ይደርሳል። የራሱን ገንዘብ ሊያህል ምንም አልቀረው።

ብድር ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እዚሁ አካባቢያችን ተበድሮ ላም የገዛ ገበሬ ወተቷን እየሸጠ ብድሩን ይከፍላል፤ ላሟም ትቀርለታለች። ብስኩትና የኢንተርኔት ጥቅል ግን አይታለቡም። በልተንና ተጠቅመን የጨረስነውን ነገር ዕዳ ነው ተሸክመን የምንቀረው።

አንዲት ተማሪ እናስብ

አሁን ለምሳሌ ያህል አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በሐሳባችን እንሳል። ቤተሰቦቿ ገጠር ናቸው። እንደ ብዙዎቻችሁ ለትምህርት ብላ ከተማ ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ኪራዩን ቤተሰቦቿ ይከፍላሉ፤ በገበያ ቀን ስንቅ ይልካሉ፤ በሳምንት 150 ብር ደግሞ በእጇ ይሰጧታል። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ አባካኝ የሚላት የለም።

አንድ ቀን ስልኳ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ጠጋኙ «ቀስ ብለሽ ትከፍያለሽ» አላት፤ 400 ብር። ለጓደኛዋ ልደት መዋጮ ሲጠየቅ «የለኝም» ማለት አፈረችና ከክፍል ጓደኛዋ 300 ብር ተበደረች። ሱቅ ውስጥ ሳሙናው፣ ብስኩቱ፣ ካርዱ ተጠራቅሞ 480 ብር ሆነ። ፎቶ ኮፒ ቤት 70 ብር አለባት። ድምሩ 1,250 ብር ነው። አንዱም ለብቻው ሲታይ የሚያስደነግጥ አይደለም። ልጅቷ ግን በሱቁ በኩል ማለፍ ትታ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀምራለች። ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ዓይን ለዓይን አትተያይም። ለእናቷ እንዳትነግር እናቷ ስንቁን እንኳ የሚልኩት ከጎደሎ ላይ ነው። ጠጋኙ ደግሞ ሰሞኑን «ብሩን ተይው፣ ማታ ብቅ በይና እንነጋገራለን» ማለት አምጥቷል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህች ልጅ ስለ ኤች አይ ቪ ፈተና ብትፈተን ከመቶ መቶ ታገኛለች። እውቀት አልጎደላትም። የጎደላት ያቺን «ማታ ብቅ በይ» የምትለዋን ቃል «አልመጣም» ብላ የምትመልስበት ጉልበት ነው። ጉልበቷን የያዘባት 400 ብር ነው።

ይህ በሴቶች ላይ ብቻ የሚደርስም አይደለም። ወንዱ ተማሪ በእግር ኳስ ውርርድ 50 ብር ይበላል። የተበላውን ለማስመለስ 100 ይበደራል፤ እሱንም ይበላል። አበዳሪዎቹ ታላላቅ ልጆች ናቸው። «ችግር የለም፣ የእኛ ልጅ ነህ» ይሉታል። ከዚያ ጫት ቤት ሲጠሩት አይቀርም፤ መጠጥ ሲቀዱለት አይመልስም፤ ሌሊት ወደ ሄዱበት አብሮ ይሄዳል። የት እንደሚያድርና ከማን ጋር እንደሚያድር የሚወስንለት ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ብድርና ውለታ

በአማርኛ «ብድር» የምንለው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። «ብድርህን እመልሳለሁ» ስንል ውለታም ማለታችን ነው። ማርሴል ሞስ የተባለ ፈረንሳዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ታዋቂ ጥናቱ፣ ስጦታ ሦስት ግዴታዎች እንዳሉት ጽፏል፤ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። በነፃ የሚመስለው ስጦታ ብዙውን ጊዜ መልስ ይጠብቃል ማለት ነው። ይህን አያቶቻችንም አሳምረው ያውቁት ነበር። ዕቁብና ዕድር፣ ደቦና ጅጌ የቆሙት በዚሁ ላይ ነው፤ ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንተ። መልካምነቱ ግን ሁሉም የሚሰጠውንና የሚመልሰውን ቀድሞ ማወቁ ላይ ነው። ዕቁብ ውስጥ ስንት እንደሚጣልና ለማን መቼ እንደሚደርስ በግልጽ ይታወቃል።

«እኔ እከፍልልሻለሁ፣ ስለ ገንዘብ አታስቢ» የሚል ዕድሜው የገፋ ሰው ግን መልሱ ምን እንደሆነ ቀድሞ አይናገርም። «ሹገር ዳዲ» የምንለው ይህንኑ ነው። ስልክ ይገዛል፣ የሱቁን ዕዳ ይዘጋል፣ በመኪና ያደርሳል። የመክፈያው ቀን ሲደርስ በኮንዶም ስለመጠቀም እንኳ ለመናገር ድፍረቱ አይገኝም።

ጉዳዩ ግምት ብቻ አይደለም። በማላዊ ዞምባ በሚባል አውራጃ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አንድ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከ13 እስከ 22 ዓመት ለሆናቸው ያላገቡ ልጃገረዶችና ለቤተሰቦቻቸው በየወሩ አነስተኛ ገንዘብ ተሰጠ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ሲመረመሩ፣ ጥናቱ ሲጀመር ተማሪ ከነበሩት መካከል ገንዘቡን ካገኙት 1.2 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 3 በመቶ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ገንዘቡን ያገኙት ዕድሜው 25 እና ከዚያ በላይ የሆነ ወንድ የመያዛቸው ነገርም አነስተኛ ነበር። በኬንያ ደግሞ ለተማሪዎች ዕድሜያቸው በገፋ ወንዶች ዘንድ ኤች አይ ቪ ይበልጥ እንደሚገኝ በግልጽ በተነገረባቸው ትምህርት ቤቶች፣ የልጃገረዶቹ እርግዝና በ28 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ተመዝግቧል። አንዱ ጥናት የገንዘብን፣ ሌላው የመረጃን ጉልበት ያሳየናል። ሁለቱም ያስፈልጉናል።

በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል በሴቶች 1.2 በመቶ፣ በወንዶች 0.6 በመቶ ቫይረሱ ተገኝቷል። በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4 በመቶ ነበር። ጫንጮ የጎጃም መንገድ የሚያቋርጣት፣ ወደ ደርባና ሙገር የሚሄዱ የሲሚንቶ መኪኖች የሚታጠፉባት ከተማ ናት። ከገጠር ቀበሌ ለትምህርት የመጣ ልጅ ከእናት ከአባቱ ርቆ ኪሱንም ራሱንም ብቻውን የሚያስተዳድረው እዚህ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በኤች አይ ቪ ላይ ያገኘነው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ዝምታው ሲሰበር፣ ሰው ራሱን ለማወቅ ሲመረመር፣ በተለይም ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ብዙ ሕይወት ተረፈ። ዕዳም እንዲሁ ነው። መፍትሔው የሚጀምረው ከመመርመር ነው።

አንደኛ፣ ጻፉት። ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ውሰዱና ለማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለባችሁ አስፍሩ። የ5 ብሯም ትጻፍ። ብዙ ሰው ዕዳውን ከትክክለኛው አሳንሶ ወይም አግዝፎ ነው የሚያስበው። የተጻፈ ዕዳ ልክ አለው፤ ያልተጻፈ ዕዳ ልክ የለውም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ዱቤ አቁሙ። ውኃ የሚያፈስ ባልዲ ቀዳዳው ሳይደፈን አይሞላም። ዕዳን በሌላ ብድር መክፈልም ዕዳውን ቦታ ማዘዋወር እንጂ መክፈል አይደለም።

ሦስተኛ፣ ቅደም ተከተል አውጡ። መጀመሪያ የሚከፈለው የግድ ትልቁ ወይም ትንሹ አይደለም። መጀመሪያ የሚከፈለው እጅ የሚጠመዝዘው ነው። ከብር ሌላ ነገር መጠየቅ የጀመረ አበዳሪ ካለ፣ እሱ ከሁሉም ይቅደም። ቀጥሎ ወለድ ወይም የአገልግሎት ዋጋ የሚቆጥረው፤ ከዚያ ትናንሾቹ፣ እየተሰረዙ ሲሄዱ ልብ ስለሚሰጡ። በወር 100 ብሩን በ120 የሚያበድር ግለሰብ ካጋጠማችሁ ደግሞ ሽሹት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሰዎች መካከል የሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ አራጣም ወንጀል ነው።

አራተኛ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። እናት፣ አባት፣ ታላቅ እህት፣ መምህር፣ የክበባችሁ ተጠሪ ሊሆን ይችላል። ቁጣ ይኖራል፤ እሱን አልዋሻችሁም። የእናት ቁጣ ግን በአንድ ምሽት ያልፋል።

ወደዚያች ተማሪያችን እንመለስ። ለእናቷ ነገረቻቸው እንበል። እናት ተቆጡ፤ ከዚያ ግን ዶሮ ሸጡና 400 ብሩን ይዘው አብረዋት ወደ ጠጋኙ ሄዱ። «ማታ ብቅ በይ» የምትለዋ ቃል በእናት ፊት አትወጣም። የቀረው 850 ብር ነው። ከሳምንቱ 150 ብር 90ው ለግድ ነገር ይዋል፤ 60 ብር ለዕዳ ይቀመጥ። ባለሱቁንና ጓደኛዋን ሄዳ «በየሳምንቱ እየከፈልኩ እጨርሳለሁ» አለቻቸው። 850 ለ60 ሲካፈል 14 ሳምንት ሆኖ 10 ብር ይተርፋል። በ15ኛው ሳምንት ዕዳው አለቀ። ከአንድ የትምህርት መንፈቅ አይበልጥም። በከፈለች ቁጥር ባለሱቁ ደብተሩ ላይ ዓይኗ እያየ ይሰርዝላት፤ እሷም በራሷ ወረቀት ላይ ትሰርዝ።

ልማድን መለወጥ

ዕዳው አልቆ ልማዱ ከቀረ ግን በሦስተኛው ወር ተመልሰን እዚያው ነን። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል የምታወጡትን ሁሉ ጻፉ። በቀን 15 ብር የምታስወጣ ነገር በ20 የትምህርት ቀን 300 ብር ናት፤ በ10 ወር 3,000 ብር። ይህን ስታዩ እኔ ምንም ሳልላችሁ ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

የግድ ያልሆነ ነገር ስታምራችሁ አንድ ሌሊት አሳድሯት። ጠዋትም ካማረቻችሁ ያኔ አስቡበት። ብሩ እጃችሁ እንደገባ ለቁጠባ የሚሆነውን፣ 10 ብርም ብትሆን፣ መጀመሪያ ለዩ፤ «የተረፈውን እቆጥባለሁ» ካላችሁ የሚተርፍ የለም። ውርርድን በተመለከተ የተበላ ብር ተበልቷል፤ «ማስመለስ» የሚባለው ሁለተኛው መበላት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የአቻ ግፊት ነው። «ከሰው እንዳላንስ» እያልን ነው አብዛኛውን የምናወጣው። ይህን አንድ ልጅ ብቻውን ሊዋጋው ይከብደዋል፤ ክበብ ግን ይችላል። የልደት መዋጮ ከዚህ ብር አይበልጥም ብላችሁ መወሰን ትችላላችሁ። ለከለር ዴይ ያልከፈለ ተማሪ ስሙ በክፍል ፊት እንዳይነበብ ማድረግ ትችላላችሁ። ሞዴስ ለመግዛት አቅም ያጠራት እህታችሁ ሱቅ ሄዳ «ያዝብኝ» ከምትል፣ ክበቡ በትንሽ መዋጮ ማቅረብ ይችላል። ይህ በፀረ ኤድስ ክበብ እቅድ ላይ ቢጻፍ ቦታው ነው እላለሁ።

የረፈደ ሲመስል

በመጨረሻም፣ ከመካከላችሁ «እኔስ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው የሰማሁት» የሚል ወይም የምትል ብትኖር፣ ይህን ያዙ። ብር ወይም ስጦታ መቀበል ገላን መሸጥ አይደለም። የሰው ብር የወሰደ ብር ነው የሚመልሰው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚፈጽምን ትልቅ ሰው ይቀጣል፤ «ተስማምታለች» ወይም «ከፍዬላታለሁ» ማለት አያድነውም። ጥፋቱ የእሱ ነው።

ተገዶም ሆነ ያለ ጥንቃቄ ግንኙነት ከተፈጸመ ጊዜ አታጥፉ። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ መጀመር ያለበት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም የተሻለ ነው። ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለፖሊስ ማመልከትም መብታችሁ ነው። ጊዜው ያለፈ ከሆነም ተመርመሩ። ቫይረሱ በደሙ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ ይኖራል። ከዕዳም ከቫይረስም በላይ ሰውን የሚጎዳው ብቻውን መሸሸጉ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ «እምቢ» በነፃ የተሰጠቻችሁ ቃል ናት። በ400 ብርም፣ በአንድ ስልክም፣ በአንድ ብርጭቆም አትያዙባት። ዛሬ ማታ ያቺን ወረቀት አውጡና መጻፍ ጀምሩ። ለመነጋገር የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚህ ስወጣ በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።